ቢትኮይን ኮር ለመከፈት ሲዘገይ፦ ጊዜውን የሚበላውን ደረጃ ለይቶ የማፍጠኛ መመሪያ

ቢትኮይን ኮር (ቢትኮይን የሚያዝበትና ግብይቶቹ የሚረጋገጡበት ፕሮግራም) ሲከፈት መጀመሪያ አርማው ያለበት ትንሽ መስኮት ይመጣል። ከሥሩ የሚታየው መልእክት ሳይለወጥ ደቂቃዎች ሲያልፉ አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ፕሮግራሙን በግድ ዘግቶ እንደገና ይከፍታል፣ ወይ ከኢንተርኔት ያገኘውን ሴቲንግ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሞላል። በግድ መዝጋቱ የሚቀጥለውን አከፋፈት ያባብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም። የተለቃቀመው ሴቲንግም ቢሆን ብዙ ጊዜ ለውጥ አያመጣም፤ አብዛኛው የታሰበው ብሎክቼይኑን (ግብይቶች ሁሉ በብሎክ በብሎክ የሰፈሩበትን መዝገብ) ለመጀመሪያ ጊዜ ለማውረድ ስለሆነ ነው።

ፕሮግራሙ ሲከፈት በተከታታይ የሚሠራቸው ሥራዎች አሉ፦ የብሎኮቹን ማውጫ ያነባል፣ የመጨረሻዎቹን ብሎኮች ይፈትሻል፣ ዋሌቱን (ቁልፎችዎና ግብይቶችዎ ያሉበትን ፋይል) ይጭናል፣ ካስፈለገም ዋሌቱ ያላያቸውን ብሎኮች ይቃኛል። እያንዳንዱ የሚዘገይበት ምክንያት ለብቻው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይለኩ፤ ከዚያ ጊዜ የበላውን ደረጃ ብቻ ይንኩ።

ከዚህ በታች ያለው ሙሉውን ብሎክቼይን ኮምፒውተርዎ ላይ ለሚያስቀምጠው ቢትኮይን ኮር ነው። ከእሱ ኮድ የተወለዱት እንደ ላይትኮይን ኮር እና ዶጅኮይን ኮር ያሉትም በአመዛኙ በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ብሎክቼይን ስለማይይዙት ቀላል ዋሌቶች ወደ መጨረሻው አጭር ክፍል አለ።

አንድ የአጻጻፍ ነገር፦ እዚህ በአማርኛ የምንጠራቸው የሴቲንግ ስሞች በፋይሉ ውስጥ የሚገቡት በላቲን ትናንሽ ፊደላት ነው። ስሙ፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ ዋጋው፤ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ሳይኖር፣ እያንዳንዱ በራሱ መስመር። ፋይሉን ለመክፈት «ሴቲንግስ»፣ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተው ከታች ያለውን «ኦፕን ኮንፊግሬሽን ፋይል» ይጫኑ።

ምንም ከመንካትዎ በፊት

ዋሌቱ ተከፍቶ እያለ «ፋይል»፣ ከዚያ «ባክአፕ ዋሌት» ብለው ቅጂውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይሆን ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። ፕሮግራሙ እየሠራ የዋሌቱን ፋይል ከፎልደሩ በቀጥታ ኮፒ ማድረግ ግን አይመከርም፤ በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል ስለሆነ ቅጂው የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ዋሌቱ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ከሆነ ቅጂውም የተቆለፈ ነውና ቃሉን በትክክል ማስታወስዎን አሁኑኑ ያረጋግጡ።

«ዋሌት አፍጣኝ» እየተባሉ የሚቀርቡ ፕሮግራሞችን አያውርዱ። የዋሌቱን ፋይል ሊሰርቁ ይችላሉ፤ ፕሮግራሙም የውጭ አፍጣኝ አያስፈልገውም። ሌላ ሰው «የተዘጋጀ» ብሎ የሚሰጠው የቼይንስቴት ፎልደርም የዚያኑ ያህል አደገኛ ነው። ቼይንስቴት ያልወጡ ሳንቲሞች ሁሉ የሚመዘገቡበት ቋት ሲሆን፣ ፕሮግራሙ በፎልደሩ ውስጥ ያገኘውን እንዳለ አምኖ ይነሳል። የሐሰት መዝገብ ከገባበት የሐሰት ሒሳብ ያሳይዎታል።

መለካት

1. ፕሮግራሙ ሲከፈት «ዊንዶው»፣ «ኢንፎርሜሽን» ብለው ከዲበግ ሎግ ፋይል (ፕሮግራሙ የሚሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ ከሚጽፍበት) አጠገብ ያለውን «ኦፕን» ይጫኑ። ጨርሶ አልከፈት ካለ ፋይሉን ከዳታ ፎልደሩ ውስጥ ይፈልጉት። በዊንዶውስ ላይ ፎልደሩ የሚገኘው በተጠቃሚው አፕዳታ ውስጥ ነው፤ የቆየ ከሆነ ሮሚንግ ሥር፣ በስሪት 28 ወይም ከዚያ በኋላ አዲስ የተጫነ ከሆነ ሎካል ሥር። በሊኑክስ በሆም ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምር የተደበቀ ፎልደር ነው። በማክ በላይብረሪ፣ አፕሊኬሽን ሰፖርት ሥር ይገኛል።

2. ወደ ፋይሉ መጨረሻ ይሂዱና ወደ ላይ እየወጡ ከጥቂት ባዶ መስመሮች ቀጥሎ የፕሮግራሙ ስሪት የተጻፈበትን መስመር ያግኙ። የመጨረሻው አከፋፈት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

3. የየመስመሩን ሰዓት ያወዳድሩ። ሰዓቱ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሆነ ከግድግዳ ሰዓትዎ ጋር ባይገጥም አይደናገሩ፤ የሚፈለገው ልዩነቱ ነው። አንዱ መስመር 14:02:11 ብሎ ቀጣዩ 14:09:40 ካለ፣ ሰባት ደቂቃ ተኩል የበላው የመጀመሪያው መስመር ያስጀመረው ሥራ ነው። አንዳንድ መስመሮች የፈጀባቸውን ጊዜ ራሳቸው በሚሊሰከንድ ይጽፋሉ፤ ለ1000 ሲያካፍሉት ሰከንድ ይሆናል።

4. ኮምፒውተሩን አጥፍተው ካበሩ በኋላ አንድ ጊዜ ይለኩ። ፕሮግራሙን በሥርዓት ዘግተው ወዲያው ሲከፍቱት ደግሞ ሁለተኛ ይለኩ። ሁለተኛው በጣም ከፈጠነ ፋይሎቹ ራም ላይ ቀርተው ስለነበር ነው፤ ችግሩ ዲስኩ ነው ማለት ነው። ሁለቱም እኩል ከዘገዩ ከዲስኩ ይልቅ ዋሌቱን፣ ፕሮሰሰሩን ወይም የተረሳ ሴቲንግን ይጠርጥሩ።

«ሎዲንግ ብሎክ ኢንዴክስ» ላይ ሲቆም

የቢትኮይን ብሎኮች ቁጥር በ2025 ከ900,000 አልፏል። ለእያንዳንዱ ብሎክ በማውጫው ውስጥ አንድ መዝገብ አለ፤ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ሁሉንም አንብቦ ራም ላይ ያሰልፋቸዋል። በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ይህ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ግን ማንበቢያው ከቦታ ቦታ ለመዝለል በያንዳንዱ ጊዜ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት በሰከንድ ወደ 100 የተበታተኑ ንባቦች ብቻ ነው የሚያደርሰው። ደቂቃዎቹ የሚሄዱት እዚህ ነው። ይህን የሚያካክስ ሴቲንግ የለም፤ ያለው መፍትሔ ማውጫውን ወደ ኤስኤስዲ ማዛወር ነው።

ሁሉንም ለማዛወር ብሎክቼይኑ ከ600 ጊጋባይት በላይ መሆኑን ያስቡ። 1 ቴራባይት ለጊዜው ይበቃል፤ ለዓመታት እንዲያገለግል ከታሰበ 2 ቴራባይት ይሻላል። ትልቅ ኤስኤስዲ ከሌለ ግን መክፈል ይቻላል፤ በፍጥነት መነበብ ያለባቸውን ብቻ ኤስኤስዲ ላይ አስቀምጦ ግዙፎቹን የብሎክ ፋይሎች እዚያው ሃርድ ዲስኩ ላይ መተው። ለዚህ ኤስኤስዲው ላይ 30 ጊጋባይት ገደማ ባዶ ቦታ ይበቃል፤ የማጣቀሻ ኢንዴክሶችን ያበራ ሰው ግን የእነሱን መጠን ይጨምርበት።

1. ፕሮግራሙን ይዝጉና ሎግ ፋይሉ ላይ «ሻትዳውን ዳን» የሚለው መስመር እስኪጻፍ ይጠብቁ።

2. ኤስኤስዲው ላይ አዲስ ፎልደር ይፍጠሩ። ከአሮጌው ዳታ ፎልደር ቼይንስቴትን፣ ዋሌትስን፣ ኢንዴክሰስ የሚባል ካለ እሱን፣ የኮንፊግሬሽንና የሴቲንግስ ፋይሎቹን ወደ አዲሱ ኮፒ ያድርጉ። በቆዩ አጫጫኖች የዋሌቱ ፋይል በዋሌትስ ፎልደር ውስጥ ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር ሜዳ ላይ ይገኛልና እንዳይረሳ።

3. በአዲሱ ፎልደር ውስጥ «ብሎክስ» የሚባል ፎልደር ይፍጠሩና ከአሮጌው ብሎክስ ውስጥ ኢንዴክስ የሚባለውን ፎልደር ብቻ ኮፒ ያድርጉበት። በቁጥር የተደረደሩት የብሎክና የመመለሻ ፋይሎች ሃርድ ዲስኩ ላይ ይቀራሉ። ከስሪት 28 ጀምሮ ከእነሱ ጋር «ኤክስኦአር» የተባለ ትንሽ የዳት ፋይል ሊኖር ይችላል፤ የብሎክ ፋይሎቹ የተሸፈኑበት ቁልፍ ነውና ከእነሱ አይለዩት። እሱ ከጠፋ በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት የማይነበብ ይሆናል።

4. በአዲሱ ፎልደር የኮንፊግሬሽን ፋይል ውስጥ «ብሎክስዲር» የሚለውን ሴቲንግ ጽፈው አሮጌው ዳታ ፎልደር የሚገኝበትን ሙሉ አድራሻ ይስጡት። አድራሻው ብሎክስ ፎልደሩን የያዘው ፎልደር ነው፤ ራሱን ብሎክስን አይጻፉ፤ ፕሮግራሙ ስሙን ከኋላ ራሱ ይቀጥልበታል። በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

5. ፕሮግራሙን «ቹዝዳታዲር» በሚለው የማስነሻ ትእዛዝ አንድ ጊዜ ይክፈቱት፤ በዊንዶውስ ከሾርትከቱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ በታርጌት መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ቃሉ ይጨመራል። የዳታ ፎልደር ሲጠይቅዎ አዲሱን ይምረጡ። ከዚያ ቃሉን ከሾርትከቱ ያጥፉት፤ አለዚያ በየቀኑ ይጠይቅዎታል።

«ዳታቤዙ እንደገና ይገነባ?» የሚል ጥያቄ ከመጣ እሺ አይበሉ። አድራሻው ተሳስቷል ወይም ፋይል ቀርቷል ማለት ነው፤ ወጥተው ደረጃ 3ን እና 4ን ይመልከቱ። ሁሉም ከሠራ አሮጌውን ቼይንስቴት ለጥቂት ቀናት ስሙን ቀይረው ያቆዩትና ከዚያ ይሰርዙት። አሮጌው የዋሌት ቅጂ ደግሞ በሁለት ቦታ እንዳይከፈት ከዚያ ይነሳ።

ውጫዊ ዲስክ የሚጠቀም ሰው መጀመሪያ መሰኪያውን ይመልከት። ዩኤስቢ 2 ጣሪያው በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው፤ ፈጣን ኤስኤስዲ እዚያ ላይ ቢሰካ ፍጥነቱ ይባክናል። በማክ ላይ ደግሞ ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት የተዘጋጀ ዲስክ ዳታቤዙን ሊያበላሽ ስለሚችል በማኩ የራሱ ፎርማት ያዘጋጁት።

«ፕሩን» ማድረግስ? አሮጌ ብሎኮችን የሚያስወግደው ይህ ሴቲንግ በራሱ አከፋፈትን አያፈጥንም። የማውጫው መዝገቦችም ቼይንስቴቱም እንዳሉ ይቀራሉ። የሚጠቅመው በተዘዋዋሪ ነው፤ ሁሉም ነገር ትንሽ ኤስኤስዲ ላይ እንዲገባ ያስችላል። ዝቅተኛው ዋጋ 550 ሜጋባይት ቢሆንም 10 ጊጋባይት መተው ያዋጣል፤ ለምን እንደሆነ ዋሌቱ ጋ ስንደርስ ይታያል።

አንቲቫይረስ

በዊንዶውስ ላይ ከዲስኩ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ቼይንስቴትና ኢንዴክስ በብዙ ትናንሽ ፋይሎች የተከፋፈሉ ናቸው፤ አንቲቫይረሱ እያንዳንዱ ሲከፈት ቆሞ ይፈትሻል። በ2014 የአንድ አሮጌ ቫይረስ ፊርማ ሆን ተብሎ ብሎክቼይኑ ውስጥ ተጽፎ የማይክሮሶፍት አንቲቫይረስ የብሎክ ፋይሎችን እንደ ቫይረስ ይይዝ ነበር። ፋይሎቹ አሁን በዘፈቀደ ቁልፍ ተሸፍነው የሚጻፉበት አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለው ግጭት ነው።

«ዊንዶውስ ሴኩሪቲ»፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ «ማኔጅ ሴቲንግስ»፣ «ኤክስክሉዥንስ» ውስጥ ገብተው ቼይንስቴትንና ብሎክስን ብቻ ይጨምሩ። ዳውንሎድ ፎልደሩን ወይም ሙሉ ድራይቩን ነፃ አያድርጉ፤ ገንዘብ ያለበት ኮምፒውተር ነው።

«ቬሪፋዪንግ ብሎክስ» ላይ ሲቆም

ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር የመጨረሻዎቹን 6 ብሎኮች ከዲስክ አንብቦ በደረጃ 3 ይፈትሻል። ብዛቱን የሚወስነው «ቼክብሎክስ»፣ ጥልቀቱን የሚወስነው «ቼክሌቭል» ነው። ብዛቱን ወደ 1 ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ የሚገኘው ትርፍ ግን ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ባይነካ ይሻላል። ወጥመዱ ዜሮ ነው፦ ቼክብሎክስን ዜሮ ማድረግ «አትፈትሽ» ሳይሆን «ሁሉንም ፈትሽ» ማለት ነው። ይህ ደረጃ ሰዓታት ፈጀ ካሉ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

«ሪፕሌዪንግ ብሎክስ» ካለ

ይህ መልእክት የሚመጣው ባለፈው ጊዜ ፕሮግራሙ በሥርዓት ሳይዘጋ ሲቀር ነው። ቢትኮይን ኮር የቼይንስቴትን ለውጦች ራም ላይ እያጠራቀመ በየጊዜው ወደ ዲስክ ይገለብጣል። በዚህ መሐል መብራት ቢጠፋ ወይም ፕሮግራሙ በግድ ቢገደል ያልተጻፈው ይጠፋል፤ በሚቀጥለው አከፋፈትም ፕሮግራሙ ብሎኮቹን እንደገና ያስኬዳል። በዚህ ጊዜ ደግሞ መግደል ሥራውን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ይጠብቁት።

ብዙ የሚመከረው «ዲቢካሽ» ያለው ሚና እዚህ ጋ ነው። የሚጠራቀምበትን የራም መጠን ይወስናል፤ በአብዛኛዎቹ ስሪቶች መነሻው 450 ሜጋባይት ነው። ከፍ ማድረጉ ብሎክቼይኑን መጀመሪያ ሲያወርዱ በጣም ይረዳል። ለዕለት ተዕለት አከፋፈት ግን አይጠቅምም፤ እንዲያውም ሲዘጋ የሚገለበጠው ስለሚበዛ መዝጊያው ይረዝማል፣ በድንገት ከተቋረጠም የሚጠፋው ይበዛል። ኮምፒውተሩ ካለው ራም በላይ ከተሰጠው ደግሞ ሲስተሙ ዲስክን እንደ ራም መጠቀም ይጀምርና ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። ማውረዱ እንዳለቀ መስመሩን አጥፍተው ወደ መነሻው ይመልሱት።

ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ ቀድመው ይዝጉት። ከመስኮቱ ጥግ ያለው መዝጊያ ወደ ትሪ ብቻ የሚሰበስበው ሆኖ ከተዋቀረ «ፋይል»፣ «ኤግዚት» ይበሉ። ሰርቨር ላይ በሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን በሚያስነሳውና በሚዘጋው) የሚያስነሱት ሰዎች የመዝጊያ ገደቡን ይመልከቱ፦ የሲስተምዲ መነሻ 90 ሰከንድ ሲሆን ከቢትኮይን ኮር ጋር የሚመጣው የሰርቪስ ፋይል 600 ሰከንድ ይሰጣል። ዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬደው) የባሰ ነው፤ ኮንቴነር ሲቆም መነሻው 10 ሰከንድ ብቻ ጠብቆ ይገድላል። «ኮንቴነሩ በተነሳ ቁጥር ብሎክ ያስኬዳል» ለሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ይህ ነው።

ፕሮግራሙ እየተዘጋ ሳለ እንደገና ቢከፍቱት ዳታ ፎልደሩ ተቆልፏል ይላል። የተበላሸ ነገር የለም፤ አሮጌው ሒደት ገና አልወጣም።

ዋሌቱ ላይ ሲቆም

መጀመሪያ ስንት ዋሌት እንደሚከፈት ይቁጠሩ። አንድ ጊዜ የከፈቱት ዋሌት በሴቲንግስ ፋይሉ ይመዘገብና በየጊዜው አብሮ ይጫናል። የማይጠቀሙበትን «ፋይል»፣ «ክሎዝ ዋሌት» ብለው ይዝጉት፤ ፋይሉ አይጠፋም። ፕሩን ያደረገ ሰው ግን ይጠንቀቅ፦ ዋሌቱ ተዘግቶ ቆይቶ ያላያቸው ብሎኮች በመሐሉ ከተሰረዙ ሲከፈት ቅኝቱን መጨረስ አይችልም፤ ብሎክቼይኑን በሙሉ እንደገና ማውረድን ይጠይቃል። 550 ሜጋባይት ጥቂት ቀናት ብቻ ይይዛል፤ 10 ጊጋባይት ወራት ባይሆንም ሳምንታት ይሰጥዎታል።

በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ግብይት ያለው ዋሌት ሲጫን ሁሉም ወደ ራም ስለሚገባ መዘግየቱ የማይቀር ነው። መድኃኒቱ አዲስ ዋሌት ፈጥሮ ገንዘቡን ማዛወርና አሮጌውን መዝጋት ነው፤ ይህ ግን የኔትወርክ ክፍያ ያስከፍላል፣ የተለያዩ ሳንቲሞችንም በአንድ ግብይት አገናኝቶ ለተመልካች ያጋልጣል። ለጥቂት ሰከንዶች ሲባል አያስኬድም። «ኪይፑል» የሚለው ሴቲንግ ከመነሻው 1000 እጅግ ከፍ ተደርጎ ከሆነም ይመልሱት፤ ሆኖም አንዴ የተፈጠሩት ቁልፎች በዚህ አይቀነሱም።

በርክሌይ ዲቢ የተባለውን የቆየ ቋት የሚጠቀሙ ዋሌቶች ወደ ኤስኪውላይት ቢዞሩ ይሻላል፤ ከስሪት 30 ጀምሮ አሮጌዎቹ ሳይዞሩ ጨርሶ አይከፈቱም። «ፋይል»፣ «ማይግሬት ዋሌት» የሚለው ትእዛዝ ያዞራቸዋል፣ የቀድሞውንም ቅጂ ያስቀምጣል።

«ሪስካኒንግ» ካለ ዋሌቱ ያላያቸውን ብሎኮች እየቃኘ ነው። የቆየ ባክአፕ ከመለሱ አንድ ጊዜ ማድረጉ ግድ ነው። በየጊዜው ከሆነ ግን ወይ በሥርዓት እየተዘጋ አይደለም፣ ወይ አንድ ሰው ለአንድ ቀን ብሎ «ሪኢንዴክስ» ወይም በቆዩ ስሪቶች «ሪስካን» የሚል መስመር የኮንፊግሬሽን ፋይሉ ውስጥ ጽፎ ረስቶታል። ሪኢንዴክስ እዚያ ከተረሳ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ብሎክቼይኑን እንደ አዲስ ይሠራል። መስመሩን ያጥፉት። ብዙ ጊዜ መቃኘት ሥራዎ ከሆነ «ብሎክፊልተርኢንዴክስ» የሚለውን 1 ያድርጉት። መጀመሪያ ሲሠራ ሰዓታት ይፈጃል፣ ጊጋባይቶችም ይይዛል፤ ከስሪት 25 ጀምሮ ግን በአዲሱ ዓይነት (ኤስኪውላይት በሚጠቀመው) ዋሌት ላይ ቅኝቱን በብዙ ያሳጥረዋል።

ከተከፈተ በኋላ የሚንቀራፈፍ ከሆነ

ይህ አከፋፈት አይደለም። ያልተረጋገጡ ግብይቶች የተቀመጡበት ፋይል ከኋላ እየተጫነ ይሆናል፤ «ፐርሲስትሜምፑል» የሚለውን ዜሮ ማድረግ ያስቀረዋል፤ በጣም ደካማ ኮምፒውተር ካልሆነ ግን አያስፈልግም። ወይም ያመለጡ ብሎኮችን እያወረደ ነው። በቀን 144 ገደማ ብሎክ ይወጣል፤ ለአንድ ወር የተዘጋ ፕሮግራም ከ4,000 በላይ ብሎክ ይጠብቀዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ከፍቶ መተው ይህን ያቀለዋል።

ብሎክቼይን የማይይዙ ዋሌቶች

ኤሌክትረም ሲዘገይ ብዙውን ጊዜ ሰርቨር እየጠበቀ ነው። ከታች በቀኝ ያለውን ክብ ምልክት ተጭነው ሰርቨሩን በራሱ እንዲመርጥ ያድርጉ፣ ወይም ሌላ ይምረጡ።

ሞኔሮ (ሌላ ዲጂታል ገንዘብ) የተለየ ነው። ግብይቶቹ ስለተሸሸጉ ዋሌቱ የእርስዎ የሆነውን ለማወቅ እያንዳንዱን ብሎክ በመመልከቻ ቁልፉ መሞከር አለበት። ከዘር ቃላት (ዋሌቱን መልሰው ከሚያስገኙት የምስጢር ቃላት) ሲመልሱ «ሪስቶር ሃይት» ዜሮ ከሆነ ከ2014 ጀምሮ ይቃኛል፤ የመጀመሪያ ግብይትዎ ከተደረገበት ቀን ትንሽ ቀደም ያለ ቀን ይስጡት። ከዚያ በኋላ ያለ ቀን ከሰጡት ገንዘብዎ አይታይም፤ አልጠፋም ግን፣ ቀኑን ወደኋላ መልሶ መቃኘት ነው። የሌላ ሰው ኖድ (ብሎክቼይኑን የያዘ ኮምፒውተር) መጠቀም ያፈጥናል፤ ነገር ግን የኖዱ ባለቤት የኢንተርኔት አድራሻዎንና ግብይት የላኩበትን ሰዓት ያያል።

ሁሉም ካልሠራ

ሎግ ፋይሉ ላይ የማንበብ ስህተት ወይም የዳታቤዝ መበላሸት ከተጻፈ መጀመሪያ የዲስኩን ጤንነት በስማርት መፈተሻ ይመልከቱ፤ በሚሞት ዲስክ ላይ እንደገና መገንባት ሞቱን ያፋጥነዋል። ዲስኩ ደህና ከሆነ ከ«ሪኢንዴክስ» በፊት «ሪኢንዴክስ-ቼይንስቴት» የሚለውን (በመካከሉ ሰረዝ አለ) ይሞክሩ፤ የብሎክ ማውጫውን ሳይነካ ቼይንስቴቱን ብቻ ይሠራል። ፕሩን ባደረገ ኮምፒውተር ላይ ግን ይህኛው አይሠራም፤ ሙሉው ሪኢንዴክስም እዚያ እንደ አዲስ ማውረድ ማለት ነው። ሁለቱም እንደ ኮምፒውተሩ ከሰዓታት እስከ ቀናት ይፈጃሉ። ትእዛዙን በኮንፊግሬሽን ፋይሉ ሳይሆን በማስነሻው ላይ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይስጡት፤ 16 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ከሆነ ለዚህ ጊዜ ብቻ ዲቢካሽን 4000 ያድርጉት፣ ሲጨርስ ያጥፉት። ከዚያ በሥርዓት ዘግተው ይክፈቱና ሎጉን እንደ መጀመሪያው ይለኩት።